የወንድሜን ስም ለጓደኛዬ ሰጠኋት

ጌታ ይባረክ ወገኖች። ይሄን ምስክርነት ለመጻፍ ሁለት ዓመት ከምናምን ነው የፈጀብኝ። ጸሎቴ ስላልተመለሰ አይደለም፣ እንደውም ስለተመለሰ ነው ያፈርኩት። ሰው በተመለሰ ጸሎት እንዴት ያፍራል ካላችሁ እስከ ታች አንብቡት፣ ትንሽ ይረዝማል ይቅርታ፣ አሳጥሮ መጻፍ አልችልበትም።

አንድ ወንድም ነው ያለኝ፣ ታናሼ ነው። ቁማር ያዘው። ቁማር ስል ካርታ ምናምን እንዳይመስላችሁ፣ በስልክ ነው፣ የኳስ ውርርድ። ሲጀምር ከጓደኞቹ ጋር ለቀልድ ነበር፣ አንዴ ግን ትልቅ ገንዘብ በላ፣ እኔ እስከዛሬ የምለው ያኔ ባይበላ ኖሮ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሕይወቱ ያቺን ቀን ፍለጋ ሆነ። ቤታችሁ ይሄ ነገር ገብቶ ያያችሁት ታውቁታላችሁ፣ አስራ ሁለት ጨዋታ ይቆርጣል፣ አስራ አንዱ ይገባል አንዷ ትቀራለች፣ እና "ተበላሁ" አይልም፣ "ለጥቂት ነው ያመለጠኝ" ነው የሚለው። "ለጥቂት" የሚለውን ቃል እስካሁን ስሰማ ሆዴን ይቆርጠኛል። የተበላውን ላስመልስ ብሎ ይበደራል፣ የተበደረውን ልክፈል ብሎ ይወራረዳል። ላፕቶፑ ሄደ። ከዛ የኔ ላፕቶፕ ሄደ፣ ተሰረቀ ብሎኝ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን አመልክተናል እኮ፣ አጠገቤ ቆሞ ለፖሊሱ የላፕቶፑን ቀለም ሲያስረዳ ትዝ ይለኛል። የሸጠው እሱ ነበር።

ሰባት ዓመት ጸለይኩለት። እውነቱን ልንገራችሁ ካልኩ ግን የጸለይኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት ነው፣ የቀሩትን አምስት ዓመታት ስከሰው ነው የኖርኩት። እንበረከክና "ጌታ ሆይ ዛሬ ደግሞ ምን እንዳደረገኝ አየህ?" ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዛ ዝርዝሩን አቀርባለሁ፣ መቼ እንደዋሸኝ፣ ስንት እንደወሰደ፣ በማን ስም እንደማለ። አቃቤ ሕግ በሉኝ። አሜን ብዬ ስነሳ ከመንበርከኬ በፊት ከነበርኩት በላይ ተናድጄ ነበር የምነሳው፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ እሱን ሳየው ፊቴ ይጠቁራል፣ እሱም ይሸሸኛል፣ ማታ ሲሸሸኝ ደግሞ ሌላ ክስ ይዤ እንበረከካለሁ።

ሰው ሊያበረታታኝ ሲፈልግ የሞኒካን ታሪክ ይነግረኝ ነበር፣ የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስን እናት ማለቴ ነው። ለልጇ ወደ 17 ዓመት እንዳለቀሰች፣ አንዱን ጳጳስ አነጋግርልኝ ብላ ስትጨቀጭቀው እሱም ሰልችቶት "ሂጂ፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም" እንዳላት፣ በመጨረሻ ልጁ በ387 እ.ኤ.አ ሚላኖ ውስጥ በከተማው ጳጳስ በአምብሮስዮስ እጅ እንደተጠመቀ። ደስ ይላል። እኔ ግን ከታሪኩ የቀረልኝ 17 የሚለው ቁጥር ብቻ ነበር። ሰባቱ አልቆ ገና አስር ይቀረኛል ማለት ነው ብዬ አልቅሼ አውቃለሁ። ደግሞ በሆዴ የሞኒካ ልጅ እኮ ላፕቶፕ አልሸጠባትም እላለሁ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

የጸሎት ኅብረታችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ፣ ብዙ አያወሩም፣ ሲጸልዩም ድምፃቸው አይሰማም። አንድ ቀን ኅብረት ሲበተን እጄን ይዘው አስቀሩኝና "ልጄ፣ ይሄን ልጅ ትንሽ ጊዜ ልቀቂው" አሉኝ። አልገባኝም። "ከጸሎትሽ ልቀቂው" አሉኝ። ደነገጥኩ፣ መጸለይ አቁሚ የሚል አማኝ ሰምቼ አላውቅም፣ ሳሙኤል እንኳን ስለ እናንተ መጸለይን ትቼ እግዚአብሔርን መበደል ከእኔ ይራቅ ብሏል እኮ አልኳቸው (1ኛ ሳሙኤል 12፥23)፣ ሳቁብኝ። "እኔ ለሌላ ሰው አስይዢው ነው ያልኩሽ፣ ሜዳ ላይ ጣዪው አላልኩም። አንቺ ተጣልተሽዋል። የተጣላ ሰው እንዴት ይማልዳል?"

ከዛ ስሟን ነገሩኝ። እዛው ኅብረታችን ውስጥ ያለች ልጅ ናት፣ ያኔ ሰላም ከመባባል ያለፈ ቅርበት አልነበረንም። እናቷ የካንሰር ታማሚ ናቸው። እሷም እንደኔ ደርቃ ነበር፣ በሌላ በኩል ግን፣ እኔ በንዴት እሷ በፍርሃት፣ ልትጸልይ ስትጀምር የላብራቶሪ ውጤት ነው ፊቷ የሚመጣባት። እኚህ እናት "ተለዋወጡ" አሉን፣ "አንቺ የሷን እናት ያዢ፣ እሷ ያንቺን ወንድም ትያዝ፣ ሦስት ወር። የራሳችሁን ግን እንዳትነኩት።" አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፣ "ስሙንና ችግሩን በአንድ አረፍተ ነገር ንገሪያት፣ ዝርዝሩን ተዪው፣ ጌታ ያውቀዋል፣ ለሷ ሐሜት ነው የሚሆንባት።" ይሄ ነገር ገረመኝ፣ ስንቱን የጸሎት ርዕስ ነው እኛ "እንድትጸልዩ ብዬ ነው እንጂ" እያልን የሰው ገበና ያዞርንበት። በነገራችን ላይ "እጸልይልሃለሁ" ብለን የረሳነውን ደግሞ ማን ይቁጠረው፣ እኔ ቻው እንደማለት ነበር የምጠቀምበት።

በዛው ቀን ዘፍጥረት 20ን አነበቡልን። አብርሃም ሣራን እህቴ ናት ብሎ ዋሽቶ፣ በሱ ውሸት ሣራን የወሰዳት የንጉሥ አቢሜሌክ ቤት ማኅፀን ሁሉ ተዘጋ፣ ከዛ ያው የዋሸው አብርሃም ጸለየላቸውና ወለዱ። "ሲጸልይላቸው የራሱ ሚስት ወልዳ ነበር?" ብለው ጠየቁን። አልወለደችም። ይስሐቅ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው የሚመጣው። ያንን ሁሉ ዓመት የለመነውን፣ እሱ ገና ያላገኘውን ነገር ለሌላ ሰው ሚስት ሲለምን አስቡት። እኔ ያንን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ቀን እንደዛ አይቼው አላውቅም።

ለሊት 11 ሰዓት አላርም ሞላን፣ ሁለታችንም በየቤታችን። ስንነሳ አንድ ነጥብ ብቻ ሜሴጅ እንላላካለን፣ ተነስቻለሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። አፌን ስከፍት የወንድሜ ስም ይመጣል፣ እመልሰዋለሁ፣ ይመጣል፣ እመልሰዋለሁ። ለካ ሱስ ይዞኝ የነበረው እኔንም ነው። እሱን ሳልከስ ማደር አልቻልኩም ነበር።

ለጓደኛዬ እናት መጸለይ ስጀምር ግን አንድ ነገር ተለየብኝ። እኚህ ሴትዮ ምንም አልበደሉኝም። አላውቃቸውም እንኳን። ስለዚህ ከጌታ ጋር ስለሳቸው ሳወራ ሒሳብ የለም፣ ዝም ብዬ እለምናለሁ፣ ፈውሳቸው፣ ሕመሙን አቅልልላቸው፣ ዛሬ ይተኙ፣ ነርሷ መርፌውን ስትወጋ አንዴ ይግባላት፣ እንደዚህ ጥቃቅን ነገር ሁሉ። ከአምስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ስጸልይ ያለቀስኩት ለማላውቃቸው ሴት ነው። ደግሞ ሳላስበው ሁልጊዜ "ልጆቻቸውን ሰብስብላቸው" የሚል ነገር አፌ ላይ ይመጣል። እኔ የማውቀው ጓደኛዬን ብቻ ነው፣ የሚሰበሰብ ልጅ የለም፣ ያው ለአፍ ይቀናል ብዬ ነው። አንዴ ስናወራ ይሄንኑ ነገርኳት፣ ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ለካ ታላቅ ወንድም አላት፣ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም። እሷ ራሷ በጸሎት ልታነሳው ፈርታ ትታው ነበር።

እሷ ለወንድሜ ምን ስትጸልይ እንደነበር ያኔ አላውቅም። አልጠየቅኳትም። አንድ ለውጥ ግን ነበር፣ እሱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ። በሁለተኛው ወር አካባቢ አንድ ማታ ሲገባ "በላህ?" ብዬ ጠየቅኩት። በቃ። እሱ ግን ቆሞ አየኝ። በኋላ ሲነግረኝ "እትዬ፣ ያን ቀን 'የት ነበርክ' ሳትይኝ 'በላህ' ስትዪኝ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁት" ነው ያለኝ። እኔ ለሱ መጸለይ ባቆምኩ ጊዜ ነው እሱን ማየት የጀመርኩት፣ ይሄን እንዴት እንደምተረጉመው እስካሁን አላውቅም።

በሦስተኛው ወር የጓደኛዬ እናት ባሰባቸው፣ ሆስፒታል ገቡ። እሷ እዛው ወንበር ላይ ማደር ጀመረች። እኔ ለሊት ነጥቤን እልካለሁ፣ የሷ አንዳንዴ ይመጣል አንዳንዴ አይመጣም፣ አልፈርድባትም።

ከዛ ያቺ ጠዋት። ሐሙስ ነበር፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። ወንድሜ ቁልፍ አለው፣ ለምን ያንኳኳል? ስከፍት ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፣ በእግሩ መጥቶ ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ቤታችን በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። "ቁልፍ አለህ እኮ" አልኩት። "በራሴ ቁልፍ የምገባ ሰው አይደለሁም" አለኝና እዛው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለዕቃ ግዢ ብሎ በአደራ የሰጠው ገንዘብ ነበር። ያን ለሊት ቢሮ ቁጭ ብሎ ግማሹን ተበላ። የቀረውን ግማሽ በአንዴ ሊመድበው፣ ወይ ሁሉንም ላስመልስ ወይ ይለይልኝ ብሎ፣ ጨዋታዎቹን መርጦ ጨርሶ ሊልክ ሲል ስልኩ ጠፋ። ባትሪ ጨረሰ። ቻርጀር ፈለገ፣ የለም፣ መብራቱም ሄዶ ነበር ለነገሩ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ አለ። "እትዬ ምንም አልሰማሁም፣ ድምፅ የለ፣ ብርሃን የለ፣ የስልኩ ጥቁር መስታወት ላይ የራሴን ፊት ነው ያየሁት፣ ከዛ እግሬ ተነስቶ መሄድ ጀመረ" ነው የሚለው። አሁን እየሳቀ "ለጴጥሮስ መልአክ ለእኔ ባትሪ" ይላል። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ የታወቀ ነው፣ ይሄንን ተአምር አትበሉት የሚል ካለ አልከራከርም። እኔ ግን ከዛ በፊት ባሉት ሰባት ዓመታት ባትሪው ስንቴ አልቆ ስንቴ ተበድሮ ቻርጅ እንዳደረገ አውቃለሁ።

ከዛ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም ረጅምና አሰልቺ ነው፣ ማንም ምስክርነት ላይ አይናገረውም እንጂ ነጻ መውጣት አብዛኛው አሰልቺ ነው። የቀረውን ግማሽ ገንዘብ ይዞ አብረን አለቃው ጋ ሄድን፣ ሁሉንም ተናገረ፣ አላሰሩትም፣ ከደሞዙ እየተቆረጠ በ14 ወር ከፈለ። የባንክ ካርዱን እኔ ያዝኩት። አካውንቶቹን አዘጋን፣ ስልኩ ላይ ውርርድ የሚከለክል አፕ ጫንን፣ የሚያማክረው ባለሙያ አገኘ፣ እንደሱ ከቁማር የሚወጡ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት ቦታ መሄድ ጀመረ። ጸልዩለት ብቻ የሚላችሁ ካለ ግማሹን ነው የነገራችሁ። ሁለቴ ደግሞ ወድቋል። ሁለተኛው ላይ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ተለዋወጡ ያሉን እናት ናቸው ሉቃስ 22ን ያሳዩኝ፣ ጌታ ጴጥሮስን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ ይለዋል፣ ከዛ በዛው ለሊት ሦስቴ ካደው። የጌታ የራሱ ምልጃ ሳይሠራ ቀርቶ ነው? የጸለየው እንዳይወድቅ አልነበረም እኮ፣ እምነቱ እንዳይጠፋ ነው። ከሁለተኛው ውድቀት ወዲህ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ክብር ለጌታ ይሁን።

አሁን ወዳፈርኩበት ነገር ልምጣ።

ወንድሜ በመጣ በአምስተኛው ሳምንት የጓደኛዬ እናት አረፉ።

ሦስት ወር ሙሉ ፈውሳቸው ብዬ ለምኜ ነበር። የሷ ጸሎት ለኔ ተመለሰ፣ የኔ ጸሎት ለሷ አልተመለሰም። ቀብር ላይ ቆሜ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ወንድሜ እኮ አብሮኝ መጥቶ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት ውስጥ ነበር፣ እሷ ጸልያ የተረፈልኝን ሰው ይዤ እሷ የሞተባትን ልቀብር የመጣሁ ነው የመሰለኝ። ታላቅ ወንድሟ መጥቷል፣ እናቱ ከማረፋቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የመጣው፣ እግራቸውን ሲያሽ ነው የሰነበተው አሉ። ይሄንን ያኔ እንደ መልስ ለመቁጠር ድፍረቱ አልነበረኝም። የለመንኩት ፈውስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለአፍ ይቀናል ብዬ ያልኩት ነገር ነው።

ኅብረት ላይ "ምስክርነት ያለው" ሲባል አንገቴን እደፋለሁ። እንዴት እሷ ቁጭ ብላ እያየችኝ ጌታ ወንድሜን መለሰልኝ እላለሁ? ያኔ ሐዋርያት ሥራ 12 ላይ ተጣበቅኩ። ሁላችንም የምናውቀው ጴጥሮስ የተፈታበትን ነው፣ አስራ ስድስት ወታደር፣ ሁለት ሰንሰለት፣ መልአኩ፣ ከዛ በር ሲያንኳኳ ገረዷ ሮዴ በደስታ መክፈቱን ረስታ ስትሮጥ፣ የሚጸልዩት ሰዎች ራሳቸው አብደሻል ሲሏት። ያቺን ቁጥር ሁለትን ግን እንዘላታለን፣ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ትላለች። በአንድ ምዕራፍ። ለያዕቆብ አልጸለዩም ነበር? የያዕቆብ እናት ጴጥሮስ በሩ ላይ ቆሟል ሲባል ምን ተሰማት? ማንም አልጻፈልንም። እኔ ሁለት ዓመት ያቺን የያዕቆብን እናት እየሸሸሁ ነበር።

ባለፈው ወር ጓደኛዬ ራሷ ጠየቀችኝ፣ "የወንድምሽን ነገር ለምንድነው የማትመሰክሪው?" ልዋሻት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም፣ ነገርኳት፣ ላንቺ ስላልሆነ አልኳት። ተቆጣች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። "የጸለይኩት እኮ እኔ ነኝ! ያንቺ ጸሎት መስሎሻል እንዴ የተመለሰው? የኔ ነው! ጌታ ለኔ የመለሰልኝን ጸሎት ምን አግብቶሽ ነው የምትደብቂው? እማዬ ስትሞት እግዚአብሔር አይሰማኝም እንዳልል ያደረገኝ ወንድምሽ ነው፣ ቀብር ላይ ሳጥኑን ተሸክሞ ሳየው ይሰማኛል እያልኩ ነው ያለቀስኩት። ወንድሜ መጥቶ የእማዬን እግር ሲያሽስ ያንቺ አይደለም እንዴ? የማን ሊሆን ነው?"

ምን ልበል። ሁለት ዓመት ሙሉ መልሷን ሰርቄባት ነበር፣ እንደ ላፕቶፑ። ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዛ ሳቅን።

ስንረጋጋ ቀኑ መቼ ነበር አለችኝ። ሐሙስ ነው፣ ቀኑን አልረሳውም፣ ነገርኳት። የጸሎት ደብተር አላት፣ በየቀኑ አንድ ሁለት መስመር ቀን እየጻፈች ነው የምታስቀምጠው፣ አውጥታ ፈለገችና ፊቷ ተለወጠ፣ አላሳይሽም አለች። ለምን? "አፍራለሁ። ያን ቀን ደህና አድርጌ አልጸለይኩም።" ለሊቱን ሙሉ እናቷን ሲያስመልሳቸው ነው ያደረው፣ አላርሙ ሲጮህ መንበርከክ አቅቷት፣ ነጥቡንም ሳትልክልኝ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለች ነው የሆነ ነገር የጻፈችው። ሌሎቹ ቀኖች ላይ ገጽ ሙሉ ጸልያለች፣ ጥቅስ ጠቅሳ፣ ጾማ፣ ጮሃ፣ ያን ቀን ግን አንድ መስመር።

ለምኜ ለምኜ ትናንት ማታ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ አሁን ስጽፍላችሁ ፊቴ ነው ያለው። "ጌታ ሆይ የዚያችን ልጅ ወንድም አትርሳው እኔ ደክሞኛ" ይላል። "ል" የለችም። እስክሪብቶው ከ"ኛ" ተነስቶ እየቀጠነ እስከ ገጹ ጥግ ድረስ ወደ ታች ተንሸራቷል፣ እንቅልፍ ወስዷት።